የዘፈን ባለቤትና የዘፈን ዋጋ

ከአዲስ አበባ ወጥተን በጅማ መንገድ ብንሄድ ሰበታን፣ በአምቦ መንገድ ብንሄድ ቡራዩን፣ እንጦጦን ተሻግረን በጎጃም መንገድ ብንወርድ ሱሉልታን እናገኛለን። ሦስቱም ከተሞች በ2015 ዓ.ም. በተቋቋመው በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃልለዋል። በነዚህ መንገዶች ጠዋት ወደ ሥራው፣ ማታ ወደ ቤቱ የሚመላለሰው ሕዝብ እጅግ ብዙ ነው፤ መንገደኛውም ታክሲ ውስጥ ከገባበት ሰዓት ጀምሮ እስኪወርድ ድረስ ከዘፈን አይለይም። ከታክሲው ወርዶ ሻይ ቤት ቢገባ ዘፈን አለ፤ ልኳንዳ ቤት ቢቀመጥ ዘፈን አለ፤ ፀጉሩን ሊስተካከል ቢጎራበትም ድምፅ ማጉያው ከመስተዋቱ በላይ ተሰቅሎ ይጠብቀዋል። አማርኛው ከኦሮምኛው፣ የድሮው ከአዲሱ እየተፈራረቀ ሲያዜም ይውላል።

ባለሆቴሉ ሥጋውን በገንዘቡ ገዝቶታል። ስኳሩን፣ ከሰሉን፣ ወንበሩን ገዝቶታል፤ የመብራቱንም ሂሳብ በየወሩ ይከፍላል። በቤቱ ውስጥ ካሉት ነገሮች ሁሉ ባለቤቱ ማን እንደ ሆነ ሳይጠየቅ ሲሠራበት የኖረው ዘፈኑ ብቻ ነው። ይህም የሆነው ባለሆቴሉ ከሌላው ሰው የከፋ ሆኖ አይደለም። ለዘፈን እንዴት ይከፈላል የሚለው ነገር በሀገራችን ረጅምና ጠማማ ታሪክ ያለው ስለ ሆነ ነው። እኛም በዚህ ጽሑፍ ያንኑ ታሪክ ከሥሩ ተነሥተን ለማየት አስበናል።

በጥንቱ ልማዳችን የዘፈን ዋጋ ወዲያው የሚከፈል ነበር። አዝማሪ ማሲንቆውን ይዞ በግብር፣ በሠርግ ወይም በጠጅ ቤት ሲያዜም ደስ ያለው ሰው ገንዘቡን ከግንባሩ ላይ ይለጥፍለታል፤ ሰውየው ጌታ እንደ ሆነም ሸማ ወይም በቅሎ ይሸልመዋል። አዝማሪው ከሌለ ዘፈኑ የለም። ሌላ አዝማሪ ዜማውን ሰምቶ ቢወስድበት እንኳ፣ ያም ሰው በተራው ቆሞ በጉሮሮው መድከም ነበረበት። ግጥሙም ቢሆን ብዙውን ጊዜ ከአድማጭ አፍ የሚቀበለው ነውና፣ ደራሲው ማን ነው ቢባል መልሱ የሚያስቸግር ነበር። ስለዚህ ሽልማት ለጊዜው በቂ ሥርዓት ነበረ ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም።

ድምፅ ከሰው አፍ ተለይቶ ለብቻው መኖር የጀመረው ግን ይህን ሁሉ ለወጠው። ይህ ብልሃት ወደ ሀገራችን የደረሰው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ በ1890 ዓ.ም. ቃላቸውን በፎኖግራፍ አስቀርጸው ለዐፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ ላኩ፤ በ1891 ዓ.ም. ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌይቱ በዚያው ብልሃት መልስ ሰጡ። ንግሥቲቱ መልእክታቸው ከተሰማ በኋላ የተቀረጸበት ሰም እንዲጠፋ አዝዘው ነበር። ድምፅ ከባለቤቱ እጅ ከወጣ በኋላ የት እንደሚደርስ እንደማይታወቅ እሳቸው ቀድመው ያስተዋሉት ይመስላል።

ከዚህ በኋላ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ፣ ኋላ ነጋድራስ የተባሉት ተሰማ እሸቴ በ1900 ዓ.ም. የአውቶሞቢል ሙያ እንዲማሩ ወደ ጀርመን ሀገር ተላኩ፤ በዚያም ሳሉ ዘፈናቸውን በሸክላ አስቀረጹ። የመጀመሪያዎቹ የአማርኛ ዘፈን ሸክላዎች የሚባሉት እነዚህ ናቸው። አሁን ተሰማ እሸቴ ቢተኙም ድምፃቸው ይሠራ ጀመር። አንድ ጊዜ የተዘፈነ ዘፈን በሌላ አገር፣ በሌላ ሰው ቤት፣ ዘፋኙ በማያውቀው ሰዓት ሺህ ጊዜ ሊሰማ ይችላል። ታዲያ ዋጋው የአንድ ጊዜ ነው ወይስ የሺህ ጊዜ?

ይህ ጥያቄ በአውሮፓ የተነሣው ሸክላ ራሱ ሳይፈጠር ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1847 ዓ.ም. ኤርነስት ቡርዤ የተባለ የዘፈን ደራሲ በፓሪስ ከተማ በታወቀ ቡና ቤት ተቀምጦ ሲጠጣ፣ የገዛ ድርሰቱን ሙዚቀኞቹ ሲጫወቱት ሰማ። ሂሳቡ ሲቀርብለት አልከፍልም አለ፤ እናንተ የእኔን ዘፈን ያለ ዋጋ ከተጠቀማችሁ እኔም የእናንተን መጠጥ ያለ ዋጋ ብጠጣ ትክክል ነው ሲል ተከራከረ። ነገሩ ወደ ፍርድ ቤት ደርሶ ተፈረደለት፤ ከዚያም የተነሣ በ1851 ዓ.ም. ሳሴም በመባል የሚታወቀው የፈረንሳይ የዜማ ደራስያን ማኅበር ተቋቋመ። ማኅበሩ እስከ ዛሬ ድረስ ይሠራል። የቡርዤ ቡና ቤትና የሰበታ ሻይ ቤት በመጠንም በጌጥም አይገናኙም፤ ጉዳዩ ግን አንድ ነው።

እዚህ ላይ ሮያሊቲ የሚለውን ቃል ጥቂት ብናብራራው መልካም ነው። ቃሉ ከንጉሥ ስም የተወሰደ ነው፤ በቀድሞ ጊዜ በአውሮፓ ማዕድን የሚያወጣ ሰው ካወጣው ሁሉ ለንጉሡ ድርሻ ይከፍል ስለ ነበር ያ ክፍያ በዚህ ስም ተጠራ። ለእኛ አንባቢ ግን ከማዕድኑ ይልቅ እርሻው ይቀርበዋል። ባለርስት መሬቱን ለአራሽ ሲሰጥ አንድ ጊዜ ሸጦለት አይሄድም፤ በየመከሩ እኩሌታውን ወይም ሲሶውን ይቀበላል። መከሩ ካማረ ድርሻው ይበዛል፤ ካላማረም ያንሳል። ሮያሊቲም እንዲሁ ነው። ዘፈኑ የባለቤቱ ርስት ሆኖ ይኖራል፤ የሚጠቀምበት ሁሉ ከተጠቀመው መጠን ድርሻ ያወጣል። ልዩነቱ መሬት አንድ አራሽ ሲኖረው ዘፈን በአንድ ቀን አእላፍ አራሽ ያለው መሆኑ ነው። ችግሩም የሚጀምረው ከዚሁ ነው።

ወደ ሀገራችን እንመለስ። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የሀገር ፍቅር ማኅበር በ1940 ዓ.ም. በወጣ የንጉሠ ነገሥት ድንጋጌ ሸክላ ከውጭ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለብቻው ተሰጠው። ሌሎቹ ታላላቅ የሙዚቃ ክፍሎች፣ ማለት የክቡር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች የመንግሥት ነበሩ፤ ዘፋኞቻቸውም የወር ደመወዝተኞች ነበሩ። ከወሊሶ ተነሥተው በዚያው በሰበታ በሚያልፈው መንገድ ወደ አዲስ አበባ የመጡት ጥላሁን ገሠሠ በሀገር ፍቅርና በክቡር ዘበኛ በዘፈኑባቸው ዓመታት የኖሩት በዚሁ ሥርዓት ነው። ደመወዝ የሰውየውን ወር ይገዛል፤ ዘፈኑ ከወሩ አልፎ ቢኖር ግን ለዚያ የሚታሰብ ነገር አልነበረም። በጊዜው ይህ ለማንም ግፍ ሆኖ አልታየም፤ ደመወዝ የተረጋገጠ እንጀራ ስለ ነበር የሚመኘው ይበዛ ነበር።

የሀገር ፍቅርን የብቻ መብት በይፋ የደፈሩት በሙዚቃ ቤት ነጋዴነት የታወቁት አቶ አምሃ እሸቴ ናቸው። አቶ አምሃ በ1961 ዓ.ም. አምሃ ሬከርድስን አቋቁመው የመጀመሪያዎቹን ሸክላዎች በሕንድ ሀገር አሳትመው አስመጡ። እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስም ከ100 በላይ ትናንሽ ሸክላዎችንና 12 ያህል ታላላቅ ሸክላዎችን አወጡ። ፊሊፕስና ካይፋ ሬከርድስም በዚያው ዘመን የሠሩ ናቸው። የሀገራችን ዘመናዊ ሙዚቃ ወርቃማ ዘመን ሲባል የሚታሰበው በአብዛኛው የነዚህ ጥቂት ዓመታት ሥራ ነው። ከዚህ በኋላ ዘፋኝ ከመሥሪያ ቤቱ ውጭ ዋጋውን የሚነጋገርበት ነጋዴ አገኘ፤ ውሉ ግን በጥቅል ክፍያ የሚያልቅ ነበር። ገንዘቡ ተቆጥሮ እጅ በእጅ ሲሰጥ ጉዳዩ ተዘጋ ይባላል።

ሕጉስ በዚህ ጊዜ የት ነበር? ሕግ አልነበረም ማለት ስሕተት ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 1647 ጀምሮ ስለ ድርሰትና ስለ ኪነ ጥበብ ባለቤትነት ይደነግጋል። የአእምሮ ሥራ ያወጣ ሰው ሥራውን በማውጣቱ ብቻ ባለመብት ይሆናል ይላል፤ ማስመዝገብም ማመልከትም አያሻውም። የሙዚቃ ድርሰትም በስም ተጠቅሶ ከነዚህ ሥራዎች መካከል ተቆጥሯል። ከዚህም አስቀድሞ በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ይህን መብት የሚጥሰውን የሚቀጣ ድንጋጌ ነበረው። ነገር ግን በፍትሐ ብሔሩ ሕግ ውስጥ ግጥም ደራሲውና ዜማ ደራሲው ሲገኙ፣ ድምፃዊው፣ የሙዚቃ መሣሪያ ተጫዋቹና ገንዘቡን አውጥቶ ያሳተመው ሰው በዚያ መብት አይታወቁም። ይህም በእኛ ብቻ የነበረ ጉድለት አይደለም። ለከዋኞች፣ ለድምፅ አሳታሚዎችና ለሬዲዮ ጣቢያዎች መብት የሰጠው የሮማ ውል የተፈረመው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በጥቅምት ወር 1961 ዓ.ም. ነው፤ ማለት ሕጋችን ከወጣ አንድ ዓመት ተኩል ያህል ቆይቶ ነው። በአሜሪካ እንኳ እስከ ዛሬ ድረስ መደበኛው ሬዲዮ ዘፈን ሲያሰማ ለግጥምና ለዜማ ደራሲው እንጂ ለድምፃዊው አይከፍልም።

ሸክላው በካሴት ሲተካ ነገሩ ባሰ። ሸክላ ለማተም ፋብሪካ ያስፈልጋል፤ ካሴት ለመገልበጥ ግን ሁለት ቴፕና አንድ ገመድ ይበቃል። ማንም ሱቅ ማሳተሚያ ቤት ሊሆን ቻለ። ሙዚቃ ቤቶች ለዘፋኙ አንድ ጊዜ ከፍለው ማስተሩን ይወስዳሉ፤ ካሴቱ በወጣ በጥቂት ቀን ውስጥ ግን ግልባጩ በርካሽ ይሸጣል። አሳታሚው ገበያው እንደሚሰረቅበት ስለሚያውቅ ለዘፋኙ የሚሰጠውን ዋጋ ዝቅ ያደርጋል፤ ዘፋኙም በበኩሉ ስንት ካሴት እንደ ተሸጠ የሚያውቅበት መንገድ ስለሌለው ከሽያጩ ድርሻ ከመጠበቅ ይልቅ ጥቅሉን ገንዘብ ይመርጣል። ጥቅል ክፍያ ሥር ሰድዶ የኖረው በስግብግብነት ብቻ እንዳልሆነ ማስተዋል ይገባል። የማይቆጠር ነገር በድርሻ ሊከፈል አይችልም።

በዚህ መካከል ዘፈኖቻችን ባሕር ተሻገሩ። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ የወርቃማውን ዘመን ሸክላዎች «ኢትዮፒክስ» በሚል ርእስ በፓሪስ በተከታታይ አሳተመ። የሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2005 ዓ.ም. በወጣ የጂም ጃርሙሽ ፊልም ተሰማ። እንዲህ ባለ ጊዜ የውጭው አሳታሚ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ የዚህ ሸክላ ባለመብት ማን ነው? ፈቃዱን የሚሰጠው ባለ ሸክላው ነው፤ ዘፋኙ ከዚያ ድርሻ የሚያገኘው ከ30 ዓመት በፊት በፈረመው ወረቀት መጠን ነው። ወረቀት ያልነበረ እንደ ሆነስ? የድርሰት መብት ዓለም አቀፍ ውል የሆነው የበርን ውል በ1886 ዓ.ም. በአውሮፓ አቆጣጠር ሲፈረም ኢትዮጵያ አልገባችበትም፤ ለረጅም ዘመንም ከውሉ ውጭ ኖራለችና ዘፋኞቻችን በውጭ አገር የሚተማመኑበት ከለላ ቀጭን ነበር።

ከብዙ ጩኸት በኋላ በ1996 ዓ.ም. የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ወጣ። ተዛማጅ የሚለው ቃል ትልቅ ትርጉም አለው፤ ከደራሲው ጎን የቆሙት ከዋኙ፣ የድምፅ አሳታሚውና የብሮድካስት ድርጅቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕጋችን ባለመብት ሆኑ ማለት ነው። ለንግድ የወጣ የድምፅ ቅጂ በሬዲዮ ሲተላለፍ ወይም ለሕዝብ ሲሰማ ለከዋኙና ለአሳታሚው ተገቢ ክፍያ እንዲከፈል አዋጁ ደነገገ። ባለሆቴሉን ሮያሊቲ ክፈል ብሎ የሚጠይቀው ግን ማን ነው? ድምፃዊው ራሱ ሱሉልታ ድረስ ሄዶ በየቤቱ ሂሳብ ሊሰበስብ አይችልም። ስለዚህ በ2007 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያ፣ አዋጅ ቁጥር 872፣ ባለመብቶች በማኅበር ተደራጅተው ሮያሊቲ የሚሰበስቡበትን የጋራ አስተዳደር ሥርዓት አቆመ። ከቡርዤ የፓሪስ ክርክር እስከዚህ አዋጅ ከ160 ዓመት በላይ አልፏል።

የሥርዓቱ አሠራር እንዲህ ነው። ሆቴሉ፣ ሬዲዮ ጣቢያው ወይም የትራንስፖርት ድርጅቱ በተወሰነ ታሪፍ ለማኅበሩ ይከፍላል፤ በዚህም ማኅበሩ የያዛቸውን ዘፈኖች ሁሉ ለማሰማት ፈቃድ ያገኛል። ለምሳሌ ያህል ብቻ አንድ ሻይ ቤት በዓመት 1,000 ብር ከፈለ እንበል። ከዚህ ላይ 200 ብር ለማኅበሩ ሥራ ማስኬጃ ቢነሣ 800 ብር ይተርፋል። ይህ 800 ብር ለማን ይሰጥ? ሬዲዮ ያሰማውን ዘፈን በመዝገብ ሊይዝ ይችላል፤ ሻይ ቤት ግን አይመዘግብም። ስለዚህ በብዙ አገር የሚደረገው የሬዲዮውን መዝገብ ለሻይ ቤቱም ምስክር አድርጎ ማከፋፈል ነው። ይህ ለአስተዳደር ይቀላል፤ ለፍትሕ ግን ሁልጊዜ አይመችም። በቡራዩ ታክሲዎች ዘወትር እየተሰማ በአዲስ አበባ ሬዲዮ ግን እምብዛም የማይነሣ የኦሮምኛ ዘፈን ካለ፣ በቡራዩ የተከፈለው ገንዘብ ወደ ሌላ ዘፋኝ ኪስ ይገባል። በየከተማው የናሙና ቆጠራ ማድረግ ይህን ያቃልለዋል፤ ቆጠራው ራሱ ግን ወጪ አለው።

በእነዚህ ከተሞች ሌላም ችግር ይታያል። በሕገ መንግሥቱ የቅጂ መብትን የሚጠብቀው የፌዴራሉ መንግሥት ነው፤ የአንድ ሻይ ቤት ንግድ ፈቃድ ግን በሰበታ ከሆነ በኦሮሚያ ክልል ሥር፣ ጥቂት ኪሎ ሜትር አልፎ በአዲስ አበባ ከሆነ በከተማው አስተዳደር ሥር ነው። አንድ ታክሲ በአንድ ቀን ብዙ ጊዜ ይህን ድንበር ይሻገራል፤ ዘፈኑም አብሮት ይሻገራል። ሮያሊቲውን ከንግድ ፈቃድ እድሳት ጋር አያይዞ ለመሰብሰብ ቢታሰብ ሁለቱም አስተዳደሮች መስማማት አለባቸው። አንዱ ወገን ብቻ ቢያስከፍል ከፋዩ ነጋዴ ከድንበሩ ማዶ ያለው ባልንጀራው አለመክፈሉን እያየ እንዴት በደስታ ይከፍላል?

መብት ሲባል ግን እንደ ግንብ አጥር መታየት የለበትም። የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤቷ ስሟን ያስጠራላት ሰበታ ለዚህ ጥሩ ማስታወሻ ናት። ኢትዮጵያ በ2013 ዓ.ም. የገባችበት የማራካሽ ውል፣ ማየት ለማይችሉ አንባቢዎች መጽሐፍን በብሬል ወይም በድምፅ ለማዘጋጀት የባለመብቱ ፈቃድ እንዳያስፈልግ ያደርጋል። ለትምህርት የሚፈቀድና ለገበያ የሚከለከል ነገር በአንድ ሕግ ውስጥ አብሮ ሊኖር ይችላል።

በቅርቡ ዘመን የመጣው ብልሃት መቁጠርን ራሱን አቅልሏል። በስልክ የሚሸጥ ዘፈን፣ የጥሪ ማሳመሪያ፣ በዩቲዩብ የሚታይ ሥራ እያንዳንዱ በቁጥር ይታወቃል። ኤልያስ መልካና ባልንጀሮቹ በ2011 ዓ.ም. አውታር የተባለውን የሙዚቃ መሸጫ ያቋቋሙት ከዚህ ተነሥተው ነው። ኤልያስ በ2012 ዓ.ም. መስከረም ወር ቢያርፍም፣ አቀናባሪ የሆነ ሰው የዕድሜውን መጨረሻ ስለ ሂሳብ አያያዝ በማሰብ ማሳለፉ ራሱ የዘመኑን ሁኔታ ይገልጻል።

አሁን ግን ሰዓቱን እንመልከት። በአዋጁ መሠረት የግጥምና የዜማ ደራሲ የኢኮኖሚ መብት ዕድሜ ልኩንና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። በ2015 ዓ.ም. ያረፉት አሊ ቢራ ራሳቸው በደረሷቸው ዘፈኖች ወራሾቻቸው እስከ 2065 ዓ.ም. መብት አላቸው ማለት ነው። የከዋኙና የአሳታሚው 50 ዓመት ግን የሚቆጠረው ከሞት አይደለም፤ ዘፈኑ ከተቀረጸበት ወይም ከታተመበት ጊዜ አንሥቶ ነው። አዋጁ የቀድሞዎቹን ሸክላዎች ወደ ኋላ ተመልሶ ይጠብቃቸዋል ብንል እንኳ፣ አቶ አምሃ በ1961 ዓ.ም. ያሳተሙት ሸክላ 50 ዓመቱን የሞላው በ2011 ዓ.ም. ነው፤ በ1967 ዓ.ም. የታተመው ደግሞ በ2017 ዓ.ም.። የመሰብሰቢያው ሕግ በ2007 ዓ.ም. ሲወጣ ለመጀመሪያዎቹ 4 ዓመት፣ ለመጨረሻዎቹ 10 ዓመት ብቻ ቀርቷቸው ነበር። ማኅበር ለማደራጀት፣ ታሪፍ ለማውጣትና ከፋዩን ለማግባባት ያለፈው ጊዜ ከዚሁ ላይ ተቀንሷል። ከሌላው ሁሉ ይልቅ በየሻይ ቤቱ ሲሰሙ የኖሩት እነዚያ ዘፋኞች፣ ሽልማቱ አልፎባቸው፣ ደመወዙ ተቋርጦባቸው፣ ጥቅሉን ገንዘብ በልተው፣ ሮያሊቲው ሳይደርስላቸው መብታቸው አረጀ።

ዛሬ በሰበታ አንድ የ1961 ዓ.ም. ዘፈን ሲሰማ ድምፁን ሁሉም ሰው ያውቀዋል፤ በሕግ ግን ገና ድርሻ ያለው ያ የታወቀው ድምፅ ሳይሆን ግጥሙን የጻፈውና ዜማውን የደረሰው ሰው፣ ወይም የእሱ ልጆች ናቸው። የእነዚህ ሰዎች ስም ያልተጻፈባቸው ሸክላዎች አሉ፤ ስማቸው በቃል ብቻ የሚታወቅም አለ። ያንን ዘመን በዓይናቸው ያዩት የኦርኬስትራ ሙዚቀኞችና የሙዚቃ ቤት ሰዎች ዛሬ በዕድሜ የገፉ ናቸው። የትኛውን ዜማ ማን እንደ ደረሰው፣ ግጥሙን ማን ጽፎ ለማን በምን ያህል እንደ ሰጠ ከነሱ አፍ ተጠይቆ በመዝገብ ሊሰፍር ይቻላል። ማኅበሩ የሚያከፋፍለው ገንዘብ ለነዚያ ወራሾች የሚደርሰው ስማቸው በዚያ መዝገብ ከተገኘ ነው።